የኮሊን ጉንጭ ቀለም

ሊንደን ጎረቤቴ ነው። የግድያ ልቦለድ ይጽፋል፤ እዚህ ታዝማኒያ ደሴት ደቡብ ጫፍ፣ በእኛ ትንሽ ወደብ «ደራሲው» ከተባለ እሱ ነው። ባሌ ኮሊን በሞተ በዓመቱ ኬክ ይዞ መጣ። እኔ ሞኟ ሊያጽናናኝ መስሎኝ ሻይ አፈላሁለት።

«ግሌኒስ፣ ላስቸግርሽ ነው» አለኝ። «ጠላቂ የሚሞትበት መጽሐፍ ጀምሬያለሁ። አንባቢ የሕክምናው ነገር ላይ አንዲት ስህተት ካገኘብኝ ሌላውንም አያምነኝም።»

የጻፈውን አነበበልኝ። ጠላቂው የሞተር ጭስ ገድሎት ፊቱ ጠቁሮ፣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል።

«ኤዲያ! ይሄን ደግሞ ማን ነገረህ?» አልኩት። «የሞተር ጭስ የገደለው ሰው አይጠቁርም። ኮሊንን ጎትቼ ሳወጣው ጉንጩ ፍም መስሎ ነበር። የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ሐኪሙም ጭሱ ደም ውስጥ ሲገባ እንደዚያ ያቀላል ብሎኛል።»

ከዚያ ወዲያ አፌን የሚይዘው ጠፋ። ኮሊን ባሕር ሥር ከዓለት ላይ ለገበያ የሚሆን የባሕር ቀንድ አውጣ ሲፈለቅቅ፣ እኔ ጀልባው ላይ በቱቦ አየር የሚልክለትን ሞተር እጠብቅ ነበር። እኛ ዘንድ የጠላቂ ነፍስ ያለችው ቱቦ ጠባቂው እጅ ነው። የዚያን ቀን የጭስ ማውጫው ከውስጥ ተሰንጥቆ ኖሮ ጭሱ ከአየሩ ጋር ወረደበት። የመረመረው ዳኛም «ማንም ሊያየው አይችልም ነበር» ብሎ ዘጋው። ቱቦውን ለምልክት ስስብ ከሥር መልስ እንዳጣሁ፣ ስሙን እየጠራሁ እንደጮህኩ፣ ሁሉንም እያለቀስኩ ነገርኩት። እሱ ይጽፋል።

መጽሐፉ ወጣ፤ ያልገዛ ሰው የለም። ጉንጩ አለ፣ ቱቦው አለ፣ የሐኪሙ ቃል ሳይቀር አለ። ከራሱ የጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የጭስ ማውጫውን ወደ አየር መሳቢያው ያዞረችው ሚስቲቱ ናት፤ ለውሽማዋ ስትል።

ለአፍ ዳገት የለውም። ዳቦ ቤት ስገባ ማክሲን፣ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ለደንበኛዋ «ልቦለድ ነው ቢባል እንኳ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ነው እኮ» ስትል ደረስኩ። ሲያዩኝ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመሩ።

በቀጥታ ሊንደን ቤት ሄድኩ። «አንተ ሰውዬ፣ በቁስሌ እንጨት ትሰዳለህ?»

«ኧረ ግሌኒስ፣ ፈጠራ እኮ ነው! የሚስቲቱን ፀጉር ቀይ አድርጌዋለሁ። ደግሞ መጨረሻው ላይ አመስግኜሻለሁ፣ አላየሽውም?»

አይቼዋለሁ እንጂ። «ያለ ግሌኒስ እርዳታ ይህን ሁሉ በትክክል መጻፍ አልችልም ነበር» ይላል። እግዜር ይይለት! እኔው አርሜ፣ እኔው አስተካክዬ፣ የምሰቀልበትን ገመድ በእጄ አቀበልኩት።

የመንደሩስ ይቅር። ልጄ ታምሲን የአባቷን ሥራ ይዛ ትጠልቃለች፤ ቱቦዋን የምጠብቀው እኔ ነኝ። መጽሐፍ ገልጣ የማታውቅ ልጅ፣ መኪናዋ ውስጥ ያ መጽሐፍ ተገልብጦ ተቀምጦ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ምሳችንን ቋጥሬ ወደ ጀልባዋ ወረድኩ። ቱቦውን አንስቼ እንደ ወትሮው መፈተሽ ስጀምር፣ ብሬት የሚባል የወደቡ ጎረምሳ ሞተሩ አጠገብ ቆሟል።

«እማዬ፣ ዛሬ ነፋስ አለ። አንቺ ቤት ብትሆኚ ይሻላል» አለችኝ ታምሲን።

ባሕሩ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። «የታለ ነፋሱ?»

የመጥለቂያ ልብሷን ዚፕ ትጎትታለች፤ ቀና አላለችም።

«ታምሲን፣ እዪኝ እስቲ። አባትሽን የገደልኩት ይመስልሻል?»

«ምን ነካሽ እማዬ! እንዴት ይመስለኛል?» አለችኝ፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ።

ከዚያ ቱቦውን ከእጄ ወስዳ ለብሬት ሰጠችው።