የቅዳሜ መልእክት

«ምንም አላለችህም?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ወንበሯን ወደ ልብስ ሰፊው እየሳበች።

«እግዜር ያጽናህ» ካለችው ገና ሁለት ደቂቃ አልሞላም። ዓይኗ በልቅሶ ብዛት አብጧል። የሟች ሚስቱ የልብ ጓደኛ ስለነበረች ለቅሶዋ ከአንጀቷ ነው። ነገር ግን ከለቅሶው ጋር አንድ ጥያቄም ይዛ መጥታለች፤ ከእሁድ ጀምሮ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ እየተመለሰ ነበር።

«ስለ ምን?» አላት።

«ስለ ልጄ ነዋ! ቅዳሜ ሚስትህ ደውላ የለ? እሁድ ጠዋት መጥታ ልትነግረኝ ነበር። እሁድ ጠዋት ደግሞ...» እንባዋ ቀደማት።

ልብስ ሰፊው ቀና ብሎ አያት። ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ፣ ሻይ ሲቀዳ ብርጭቆ ሲነሳ፣ እሱ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ጥግ ይዞ ተቀምጧል። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደ አያውቅም። «በላህ?» ሲሉት «አዎ» ይላል፤ መብላቱን ግን አያስታውስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሦስት ጎረቤታሞች ልጆች ባሕር ማዶ አንድ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ፤ የዳቦ ጋጋሪዋ ወንድ ልጅ፣ የአናጢው ሴት ልጅ፣ የልብስ ሰፊውም ሴት ልጅ። የስልክ ዋጋ ደግሞ እሳት ነው። ለየብቻቸው ሲደውሉ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ ወይ» ተባብለው ሳይጨርሱ ይቋረጥባቸዋል። ስለዚህ ሦስቱ ቤቶች በአንድ የስልክ ካርድ ተጣመሩ። ካርዱ አሥር ደቂቃ ያስወራል። ልጆቹ በሥራ ቀን ስልክ መያዝ አይፈቀድላቸውም፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የአናጢው ልጅ ክፍል ይሰበሰባሉ።

አሥር ደቂቃ ለሦስት ቤት እንዲበቃ ያደረገችው የልብስ ሰፊው ሚስት ናት። ሰፈሩ «ጥይቷ» ይላታል። የሦስቱን ቤት ናፍቆት፣ ምክርና ቁጣ በአራት ደቂቃ ታራግፍና በቀረው ስድስት ደቂቃ የልጆቹን ወሬ ለቅማ ትመለሳለች። ወረቀት አትይዝም። አናጢውና ዳቦ ጋጋሪዋ ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለሚውሉ፣ እሁድ ጠዋት ቤት ለቤት ዞራ የየድርሻቸውን ታደርሳለች። ስታደርስም የልጆቹን ሳቅና ሳል ሳይቀር አስመስላ ነው። ባሏን ስልክ ማንም አስይዞት አያውቅም። «እሱ ጤና ይስጥልኝ ብሎ እስኪጨርስ ካርዱ ያልቃል» ይሉታል። እሱም ይስቅ ነበር፤ እውነት ነዋ።

ያለፈው ቅዳሜም ደውላ ነበር። እሱ ለሰኞ የተቀጠረ የተማሪዎች የደንብ ልብስ ይዞ የስፌት መኪናውን ያስጮኸዋል። ሚስቱ ከመኝታ ክፍል ብር ብላ ወጣችና ራሱ ላይ ቆማ ወሬውን ሁሉ አወረደችው። እሱ እጅጌ እየገጠመ «እሺ፣ እሺ» አለ። ከዚያ ሁሉ ወሬ ጆሮው የያዘው ሦስት ነገር ነው፤ የጥርስ መነቀል፣ የሥራ መቀየርና እርግዝና። የማን የማን እንደሆነ መኪናው ዋጠው። ነገ ደግማ ትነግረኛለች ብሎ አልጠየቃትም። እሁድ ጎህ ሲቀድ ልቧ ቆመ።

አሁን ዳቦ ጋጋሪዋ አፍ አፉን ታየዋለች። ከሦስቱ ነገሮች እርግዝናው የወንድ ልጇ እንዳልሆነ ብቻ እርግጠኛ ነበር።

«ጥርሱን ተነቅሏል» አላት።

«ወይኔ ልጄን! የትኛውን?»

«የ... የኋላውን።»

«አሁንስ ተሻለው?»

«ተሽሎታል» አለ። ከየት አምጥቶ እንዳለው እሱም አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪዋ ግን ሦስት ቀን የያዘችውን ትንፋሽ ለቀቀችና ተደግፋው አለቀሰች። ልብስ ሰፊው አንድ ነገር ገባው፤ ሚስቱ ሥራዋን ሳትጨርስ ነው የሄደችው። ይህቺን እንኳ ልጨርስላት አለ በልቡ።

ከሰዓት በኋላ አናጢው መጣ። ምንም አልጠየቀም። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሚስቱን ከቀበረ ቆይቷል፤ ያለችው ያቺው ልጅ ናት። ልጁ ካገባች አራተኛ ዓመቷ ነው፤ እስከ ዛሬ አልወለደችም። አናጢው «የልጅ ልጅ ሳላይ» የሚለውን ነገር ጀምሮ ጨርሶት አያውቅም። የልብስ ሰፊው ልጅ ያገባችው ግን ገና በዚህ ዓመት ነው። ታዲያ እርግዝናው የማን ሊሆን ነው?

«ልጅህ አርግዛለች» አለው። «ቅዳሜ ለባለቤቴ ነግራት ነበር።»

አናጢው ብድግ አለ፤ መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው የልብስ ሰፊውን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ግንባሩን ሳመው።

«በሰው ኀዘን መደሰት ነውር ነው፤ ይቅር በለኝ ወንድሜ» አለ እየሳቀም እያለቀሰም። «እሷ እኮ እስከ መጨረሻዋ መልካም ወሬ አመጣችልኝ።»

በማግስቱ ከአናጢው ቤት የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ጀመር። ለቀስተኞቹ እርስ በርስ እየተንሾካሾኩ ፈገግ አሉ። ለሕፃን የሚሆን አልጋ እየሠራ ነው፤ እዚያ ድረስ በምን እንደሚልከው ገና አላሰበበትም።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሰፊው ሻይ አፉ ሳያደርስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ሚስቱ ያን ቅዳሜ ወሬዋን ስታወርድ መሐል ላይ ትከሻውን መትታው ነበር፤ በመዳፏ፣ ሁለት ጊዜ። ለምን መታችኝ? ፍጠን ማለቷ ነው ብሎ መኪናውን አባሰበት። ደግሞ እየሳቀች ነበር። በጥርስ መነቀል ይሳቃል? በጎረቤት ልጅ እርግዝናስ ባሏን ትከሻውን ትመታዋለች? ሊያስብ በሞከረ ቁጥር የሚመጣለት የመኪናው ጩኸት ብቻ ሆነ። ያቺን አንዲት ደቂቃ እግሩን ከመርገጫው ቢያነሳ ኖሮ! እንዲህ አድርጎ ራሱን ጠልቶ አያውቅም።

ተነሥቶ አናጢው ዘንድ ሄደ። «አንድ ነገር...» ብሎ ጀመረ። አናጢው የአልጋውን አራት አጫጭር እግሮች መሬት ላይ ደርድሮ በመዳፉ ይደባብሳቸዋል፤ ስንጥር እንዳይኖር። «ማነህ ወንድሜ፣ ግባ እንጂ!» አለው። ልብስ ሰፊው «ደህና ዋል» ብሎ ተመለሰ።

ቅዳሜ ደረሰ። ለልብስ ሰፊው ልጅ መርዶውን በስልክ መንገር ይገባል አይገባም ሲባል ሰነበተ። «ሌላ ምን መንገድ አለን?» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ። ሦስቱ ጎረቤታሞች በአንድ ክፍል ተሰበሰቡ። ሁሉም እንዲሰማ የስልኩን ድምፅ ለቀቁት።

«እማዬ!» አለች ልጅቷ ከወዲያ።

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ? አንተ ስልክ ይዘህ? ዛሬ ምን ጉድ ነው!» ከኋላዋ ሌሎቹ ሲስቁ ተሰማ። «ቆይ፣ አያት ልትሆን መሆኑን ነገረችህ አይደል? እልልታዋ እኮ አደነቆረኝ! ለአባትሽ አሁኑኑ ሄጄ ልንገረው ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ምን አልካት?»

ልብስ ሰፊው አናጢውን አየው። አናጢው ባርኔጣውን በእጁ ያዞረዋል፤ ያዞረዋል፤ ከዚያ ማዞሩን ተወ። ፊቱ ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ወረደ።

«አባዬ፣ እሷን ስጠኝማ። ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል፤ የምጠይቃት አለኝ። ፍጠን፣ ካርዱ እየሄደ ነው።»

«ልጄ» አለ ልብስ ሰፊው። «ቁጭ በይ።»

«ተቀምጫለሁ። ምነው?»

«እናትሽ... ሞተችብን። እሁድ ጠዋት። ያንቺን ወሬ ሰምታ... ደስ እንዳላት ነው።»

ከወዲያ የወጣውን ድምፅ አባትየው ከልጁ ሰምቶ አያውቅም። «ምን ሆነሽ? ምን አሉሽ?» የሚል የወንድ ድምፅ ተከተለ። ዳቦ ጋጋሪዋ የልጇን ድምፅ በጆሮዋ ከሰማች ዓመት አልፏት ነበር። አፏን በሁለት እጇ ያዘች እንጂ አልጠራችውም። ልቅሶው ቀጠለ። ልብስ ሰፊው «ልጄ... ልጄ...» ይላል። ደቂቃው እያለቀ ነው ያለ አንድም ሰው የለም። በመጨረሻ የማይታወቅ የሴት ድምፅ ሒሳቡ ማለቁን ተናገረና ስልኩ ጭጭ አለ።

«እኔ እኮ...» አለ ልብስ ሰፊው ወደ አናጢው ዞሮ። «መኪናው እየጮኸ... ያንተ ልጅ መስሎኝ...»

«ተወው አሁን» አለው አናጢው።

እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ አንድ አዲስ ካርድ አወጣ። ልጁን ለብቻዋ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ጠዋት የገዛው ነው። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው። ዓይኑ ቅርቡን አያይለትምና ካርዱን ራቅ አድርጎ ያዘ።

«ጻፍ» አለው። «ዘጠኝ...»

የልብስ ሰፊው ጣት ቁጥሩን ፈልጎ እስኪያገኝ ጠበቀው፤ ከዚያ ቀጣዩን ነገረው።