ሁለት ጣት ያጠረው ሰደፍ

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ጠመንጃዎች እንደ ጣውንት ነበር የምታያቸው። ሰውየው የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኳ ኖረ። ጡረታ በወጣ ማግስት ሠራዊቱ «አርጅተዋል» ብሎ በሳጥን በሳጥን የሚሸጣቸውን ጠመንጃዎች መግዛት ጀመረ፤ እያንዳንዱን ጥይት በእጅ የሚያቀባብሉባቸው፣ ከባልም ከሚስትም በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። ከመጋዘን ሲወጡ በወፍራም ቡናማ ግራሶ ተለውሰው ነው። እሱ ጓሮ ቁጭ ብሎ በነጭ ጋዝና በፈላ ውኃ ያጥባቸዋል። ሽታው መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ቀረ።

«ቬሎ በሚሰፋበት ቤት!» እያለች ትነጫነጫለች።

«አንድ ቅዳሜ ብቻ አብረሽኝ ነይ» ይላታል እሱ።

አንድ ቅዳሜ ሄደች። የተኩስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ያለ፣ የተተወ የድንጋይ ካባ ነው። ጠመንጃው ለረጅም ወታደር የተሠራ፣ እሷ ደግሞ አጭር፤ ሰደፉ ትከሻዋ ላይ በቅጡ ሳያርፍ ቃታውን ሳበችው። ምቱ ወደ ኋላ አንገዳገዳት። አጠገቧ የነበሩት ሰዎች ሳቁ። በክፋት አልነበረም፤ እሷ ግን ትከሻዋ በልዞ ለሁለት ሳምንት ልብስ መስፋት አቃታት። «እርም!» አለች። ሁለተኛ አልሄደችም።

ከዚያ በኋላ ባሏ ብቻውን ሲሄድ ሲመለስ ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ ጫማውን እያሰረ ሳለ፣ ጎንበስ እንዳለ ቀረ።

በሞተ በሦስተኛው ወር ጠመንጃዎቹን ለሸጠለት ነጋዴ ደወለች። ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁረት ታጥቦ ስለማይለቅ ሰው ሁሉ ግራሶ ነው የሚለው።

«አራቱንም ውሰድልኝ፤ ዓይኔ አይያቸው» አለችው።

ግራሶ አንድ በአንድ በብርድ ልብስ እየጠቀለለ መኪናው ላይ ጫናቸው። ከዚያ አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ራሱን ማከክ ያዘ።

«እትዬ፣ አምስተኛውስ?»

«የምን አምስተኛ?»

«ሱቅ ያለው። የእርስዎ።»

«ምን ነካህ? እኔ የምን ጠመንጃ አለኝ?»

ግራሶ ክው አለ። «ጋሼ አልነገሩዎትም እንዴ?» ብሎ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ሱቁ ሄደ። ሲመለስ በእጁ አንድ ጠመንጃ ይዟል።

ከሌሎቹ ቀለል ያለ ነው። ሰደፉ ከኋላው ሁለት ጣት ያህል ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ የጎማ ትራስ ተገጥሞለታል።

«ተጣልቼያቸው ነበር» አለ ግራሶ። «ማንም ያልነካው፣ ብረቱም እንጨቱም ላይ የተመታው ቁጥር አንድ የሆነ፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ ዕቃ ነበር። እንዲህ ያለ አይገኝም። 'ጋሼ፣ ከቆረጡት ነገ ማንም አይገዛዎትም' አልኳቸው። 'ማን ይሸጠዋል ብሎህ ነው?' ብለው መጋዙን ተቀበሉኝ። ልኩን በወረቀት ይዘው ነው የመጡት። ከክንድዎ እጥፋት እስከ ጠቋሚ ጣትዎ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏን ያዘች። አዎ፣ ለክቶአታል። ጨርቅ እየቆረጠች ሳለች የራሷን ሜትር አንስቶ ክንዷ ላይ ዘርግቶ ነበር። ምን እንደሚሠራ ስትጠይቀው፣ «ሹራብ ላሠራልሽ» አላት። «የልብስ ሰፊ ባል ሹራብ ከውጭ ሊያሠራ!» ብላ የሳቀችው ትዝ አላት።

«መቼ ነው የጨረሰው?»

ግራሶ መሬት መሬት አየ። «ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው። 'ቅዳሜ ይዣት እመጣለሁ' ብለውኝ ነበር።»

ይኼኔ የስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። በዚያ ሳምንት፣ «ቅዳሜ ሥራ አለሽ እንዴ?» ብሎ ጠይቋት ነበር። ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። «ለአንተ ብረታ ብረት ጊዜ የለኝም» ነበር ያለችው። እሱም «እሺ» አለ። እንደ ልማዱ አልቀለደም። ያ «እሺ» አሁን ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበርና ግራሶን ውሰደኝ አለችው። ሜዳው ላይ ያሉት ሰዎች አወቋት፤ ባርኔጣቸውን እያነሡ ቦታ ለቀቁላት። ግራሶ እንዴት እንደሚቀባበል አሳያት። ሰደፉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈችው። ራሷ የሰፋችው ኮት እንኳ እንደዚህ ልክ ሆኖላት አያውቅም። ተኮሰች። ገፋ አድርጎ ብቻ ተዋት።

«አመመዎት?» አለ ግራሶ፣ እንባዋን ሲያይ።

«ምንም አላመመኝም» አለች። «ምንም! ቢያመኝ ይሻለኝ ነበር እኮ።»

አምስት ጥይት ተኮሰች። አንዱ የዒላማውን ወረቀት ጠርዝ ቀደደ፤ የቀሩት የት እንደገቡ ማንም አላየም። ስትመለስ መንገዱን ሙሉ የመኪናውን መስኮት ተደግፋ አለቀሰች።

አራቱን ጠመንጃዎች ሸጠች። አምስተኛውን ግን ቤቷ ለማስቀመጥ ፈቃድ በስሟ ማውጣት ነበረባት። ቢሮው ውስጥ ቅጽ ሰጧት። «መሣሪያው የሚፈለግበት ምክንያት» የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ «ባለቤቴ በልኬ ሠርቶልኝ ነው» ብላ ጻፈች።

ጸሐፊዋ አነበበችውና ቅጹን በትሕትና መለሰችላት። «እማማ፣ ይኼ ምክንያት አይሆንም። አደን ወይም ስፖርት ካልሆነ አይቀበሉኝም።»

ልብስ ሰፊዋ እስክሪብቶውን ተቀበለች። የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰርዛ፣ ከሥሩ «ስፖርት» ብላ ጻፈች።