አንዲት ተርብ ፍለጋ

ተርቦች ልጄን ውቢትን የዓይኗ ቆብ ላይ ሲነድፏት ቱግ አልኩ። ጓሯችን ካለው ጌሾ ላይ ተርብ ጎጆ ሠርቶ፣ ቅጠል ልሸመጥጥ በሄድኩ ቁጥር እኔንም ያባርረኛል። ባሌ ዓለምነው «ተያቸው፣ ዝናቡ ሲመጣ ይሄዳሉ» ቢለኝም አልሰማሁትም። የገዛ ጓሮዬን ለተርብ ልልቀቅ እንዴ! ኩበት አቀጣጥዬ እርጥብ ሣር ደረብኩበትና አጨስኩት። ተርቡ ተግተልትሎ ወጣ። ጎጆውን በዱላ መትቼ እሳት ውስጥ ጣልኩት።

ያን ጊዜ በየቤቱ የተከለከለ ወረቀት የሚፈለግበት አሰሳ ነበር። ጎንደር ውስጥ ከጓሮ ጭስ ከታየ «ወረቀት እያቃጠሉ ነው» ይባላል። እኔ መች ትዝ ብሎኝ! የሰፈራችን ልጅ የሻው፣ አብዮት ጠባቂ ሆኗል፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከጓዶቹ ጋር ዘው አለ።

«እትየ ይመኙሽ፣ ምንድን ነው የምታቃጥሉት?»

«ተርብ ነዋ!»

ከእሳቱ ዳር የጎጆውን ቁራጭ አነሳ። ግራጫ ነው፤ ስስ ነው፤ ሲነኩት ይፈረፈራል።

«ይኸ ወረቀት አይደለም?»

አየሁት። እውነትም ወረቀት ይመስላል። የተርብ ቤት ወረቀት እንደሚመስል መቼ አስተውዬ አውቃለሁ? እሱ ወደ ፀሐይ አንስቶ ፊደል ፈለገበት፤ እኔም ሞኟ አብሬው ፈለግሁ።

«ታዲያ ተርቡ የታለ?»

ዞር ብል አንድም የለም። የውቢትን ያበጠ ዓይን አሳየሁት። «ይኸን ንብም ያደርገዋል» አለኝ። ዓለምነውን ከቤት አውጥተው ወደ ቀበሌ ወሰዱት። «ተርቡን አምጭና እንለቀዋለን» አለኝ የሻው ሲወጣ። ይቀልድ፣ ከልቡ ይሁን አልገባኝም። ከሰፈራችን ከተወሰዱት ግን የተመለሰ አልነበረም።

ጠዋት ሂዱልኝ ስል የነበርኩት ሴትዮ፣ አሁን ኑልኝ እያልኩ ጓሮውን ዞርኩት። ስኳር በጥብጬ በሳህን አስቀመጥኩ። ማን መጥቶ! አብጃለሁ መሰለኝ፣ «እባካችሁ» እያልኩ ጌሾውን ለመንኩት። በመጨረሻ ክንፏ የተለበለበ አንዲት ተርብ ድንጋይ ሥር ስትድህ አገኘሁ። ብርጭቆ ላምጣ ብል ብትጠፋብኝስ? በእጄ አፈፍ አደረግኋት።

ነደፈችኝ። አልለቀቅኋትም። ነጠላዬ ወድቆ፣ ጫማዬ ወልቆ፣ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ደግማ ስትነድፈኝ «ተመስገን፣ አልሞተችም!» አልኩ። የቀበሌው በር ጋ ስደርስ ግን መዳፌ ውስጥ ዝም አለች።

«ክፈቱልኝ!» ብዬ በሩን በግራ እጄ ደበደብኩት። በቀኝ እጄ የጨበጥኋትን ተርብ ነቀነቅኋት። «ንደፊኝ እንጂ! ምነው፣ ንደፊኝ!»