ዘጠኝ ለአንድ

ደስታውና ገነነ ፍኖተ ሰላም በአንድ ጋራዥ ሠርተው፣ ከአንድ ሳህን በልተው የኖሩ ጓደኛሞች ነበሩ፤ ገነነ ቡሬ ሄዶ የራሱን ጋራዥ እስኪከፍት ድረስ። ከዚያ ወዲህ ደስታው ከደንበኞቹ አፍ የሚሰማው ስም አንድ ሆነ። እሱ ጎማ እየቀየረላቸው፣ ዘይት እየሞላላቸው፣ "ሞተር ከሆነስ ገነነ ነው" ይላሉ። ገነነ በሰው ሰላምታ ሲልክለት እንኳ እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር።

ስለዚህ የበርበሬ ነጋዴዋ ወይዘሮ ሲሳይነሽ አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው የመጡ ዕለት ወሬያቸው እንደ ማር ጣፈጠው።

"ገነነ ሞተሩን አውርዶ እንደ አዲስ ሠርቶልኝ ነበር" አሉ። "አሁን ዳገት ላይ ያንኳኳል። ቡሬ ሳልደርስ እንዳይቆምብኝ ፈራሁ።"

"እኔ ልየዋ፣ እትዬ ሲሳይነሽ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ክዳን፣ ሲሞረድ ከልክ አልፎ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ኮምፕሬሽኑ፣ የነዳጁ መታመቅ፣ ይበዛል፤ ያ ያንኳኳል።"

ድምፁ ውስጥ ያለውን ደስታ ራሱም ሰማው።

ቴስታታውን ፈታ። ፒስተኑ ወርዶ ሲወጣ የሚጠርገው ቦታ ሦስት መቶ ሃያ ሲሲ ነው። ከላዩ የሚተርፈውን ለማወቅ ቴስታታውን ገልብጦ ጎድጓዳውን በሲሪንጅ ዘይት ሞላው፤ ሠላሳ አራት ጠጣ። በቴስታታውና በሞተሩ መሃል የሚገባው ስስ ጋስኬት በውፍረቱ ስድስት ሲጨምርበት አርባ ሆነ። ሁለቱን ደምሮ፣ ሦስት መቶ ስልሳውን ለአርባ አካፈለ። ዘጠኝ። ኮምፕሬሽኑ ዘጠኝ ለአንድ፣ ለዚያ ሞተር የሚገባው ልክ።

የቀሩትንም ለካ። አራቱም ሲሊንደር እንደ መንታ ልጆች እኩል ናቸው። እሱ በዕድሜው እንዲህ እኩል አውጥቶ አያውቅም። የተሰነጠቀ ፒስተን ቢያይ ይሻለው ነበር።

ከዚያ ጋስኬቱን ከስሌቱ አወጣና ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈው። ሦስት መቶ ሃምሳ አራት ለሠላሳ አራት ሲካፈል ከአስር አለፈ።

ወይዘሮ ሲሳይነሽ መኪናቸውን ሊያዩ ሲመለሱ አሳያቸው። "ከአስር በላይ ነው። በዚህ ከቀጠለ ሞተሩ ይቃጠላል።"

ሴትዮዋ ስልካቸውን አውጥተው ገነነን ጠሩት። ደስታው ይህን አላሰበውም ነበር።

ገነነ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ግድግዳው ፊት ቆሞ ቁጥሮቹን ሲያይ ቆየና ወደ ወይዘሮዋ ዞረ።

"ጋስኬቱ ተረስቷል። እሱ ሲገባ ዘጠኝ ነው" አለ በዝግታ። "ምንም አይደል፤ እኔም ስጀምር እረሳው ነበር።"

ወይዘሮ ሲሳይነሽ ደስታውን እንደ ማዘን ብለው አዩት። ጆሮው ጋለ። ምቀኛ ቢሉት ይችለው ነበር፤ አያውቅም መባልን፣ ያውም በገነነ ርኅራኄ፣ አልቻለም።

"አልረሳሁትም" አለ። "መጀመሪያ አስገብቼው ነበር። ሆን ብዬ ነው ያወጣሁት።"

"ምነው?" አሉ ወይዘሮዋ።

"ዘጠኝ ስለሆነ።"

ገነነ ጃኬቱን አውልቆ ሚስማር ላይ ሰቀለ። "ምቀኛ አታሳጣኝ እያልኩ ስጸልይ ከሩቅ የሚመጣ መስሎኝ ነበር" አለ። አልሳቀም። "በል ቁልፍ አቀብለኝ።"

ይዞት በመጣው አዲስ ጋስኬት ቴስታታውን አብረው መለሱ። ማን ምን እንደሚይዝ መነጋገር አላስፈለጋቸውም፤ እጃቸው የድሮውን ያስታውሳል። ገነነ በመጨረሻ ለሻማዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢዩተር ሲነካው በእጁ ዞረ። ብሎኑ ላልቶ ታይሚንጉን፣ እሳቱ የሚነሳበትን ጊዜ፣ አስቀድሞታል፤ የሚያንኳኳው እሱ ነው።

"ይሄ የእኔ ጥፋት ነው፣ አላጠበቅኩትም" አለ ገነነ፣ ታይሚንጉን መልሶ ብሎኑን እያጠበቀ።

ደስታው ብሎኑን አፍጥጦ አየው። የገነነን ስህተት ፍለጋ ሞተር ሲበትን ውሎ፣ እውነተኛው ስህተት ላዩ ላይ ተቀምጦ ኖሯል።

ወይዘሮ ሲሳይነሽ ሳይሰናበቱት መኪናቸውን አስነስተው ወጡ። ገነነ እጁን ታጥቦ፣ ጃኬቱን ደርቦ፣ "ደህና ሁን" አለው። ደስታው ኮሮላዋ ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳገቱን ስትይዝ አዳመጣት። አታንኳኳም። ድምጿ ጥርት ብሎ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ቆመ፤ ምነው ያ ድምፅ ከእኔ እጅ በወጣ ብሎ ተመኘ።