ስንዴ ለአዲሱ፣ ሽምብራ ለነባሩ

ዘነበች የገበሬ ማሰልጠኛው አዳራሽ ስትደርስ ልቧ ከእግሯ ቀድሞ ገብቶ ነበር። ዛሬ የመስኖው አዲስ ደንብ ወይ ይጸድቃል ወይ ይወድቃል። ከወደቀ ድንቿ ለሦስተኛ ዓመት ገና በአበባው ይደርቃል። ያን ጊዜ መሬቷን ለካሳሁን የእኩል ሰጥታ በገዛ ማሳዋ ላይ ተመልካች መሆኗ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ካሳሁን ይህችን ነገር በየበዓሉ ሳይሰለች ያነሳባታል።

ከጋፋት ወዲህ ባለው የመስኖ ቦይ ስልሳ ሦስት አባወራና እማወራ ይጠቀማል። በልማዱ ውሃ ሁልጊዜ ከራስጌ ይጀምራል፤ ራስጌው ጠግቦ ሲተርፈው ለመሐሉ፣ መሐሉ ሲተርፈው ለግርጌው። ቦይ ጠረጋ ላይ ግን ልማዱ ይገለበጣል። የራስጌ ሰው ጠረጋው ማሳውን እንዳለፈ ዶማውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። እንደ ዘነበች ያለ የግርጌ ሰው ከምንጩ ጀምሮ እስከ ገዛ ማሳው ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይቆፍራል። ይህን ሁሉ ቆፍሮ የአንድ ሌሊት ውሃ ከደረሰው ተመስገን ይላል፤ ጉድ እኮ ነው።

ከወረዳ የመጣችው የመስኖ ባለሙያ መሠረት ረቂቁን አነበበች። ውሃው አንዱን ዙር ከራስጌ፣ አንዱን ዙር ከግርጌ እንዲጀምር፣ የዘንድሮው የመጀመሪያ ዙርም ከግርጌ እንዲሆን ይላል። አንብባ ስትጨርስ ሁሉም ዓይን ወደ አያ ይሻው ዞረ።

አያ ይሻው የውሃ አባት ናቸው። የቦዩን በር ሃያ ዓመት የከፈቱትም የዘጉትም እሳቸው ናቸው። ማሳቸው ራስጌ ነው፤ ቢሆንም የሰው ተራ ነጠቁ ብሎ የሚያማቸው የለም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ልጆቼ፣ አባቶቻችን ከራስጌ የጀመሩት ራስጌውን አብልጠው ወደው አይደለም። ደረቅ ቦይ ውሃ ይጠጣል። መሐሉ ሳይርስ ግርጌ ድረስ እንልቀቀው ብንል ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል። ለማንም ሳይሆን ይባክናል።»

ነገሩ እውነት ነበረበት። ዘነበች ግን ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ሰዉ ከጠረጋ ስለመጣ ዶማው ሁሉ ከበሩ ጥግ ተደርድሯል። የራሷንና የካሳሁንን ይዛ ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋደመቻቸው።

«አያ ይሻው፣ መንገድ ውሃ ይጠጣል ማለትዎ እውነትዎን ነው። እኒህ ሁለት ዶማዎች አምና ደብረ ታቦር ከሸሪፍ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ናቸው። የካሳሁን ማሳ ራስጌ ነው፤ ዶማው ይኸው እንደተገዛ ነው። የእኔ ደግሞ ይኸው፣ ግማሹ አልቋል። መንገዱን እኛ ጠርገን ውሃው ሲመጣ ለምን ኋላ እንቀራለን?»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከመሐል አንዱ «እውነቷን ነው» አለ፤ ካሳሁን ዶማውን አንሥቶ ከወንበሩ ሥር ወሸቀው። ዘነበች ደስታዋ ፊቷ ላይ ነደደ፤ ያሸነፈች መሰላት።

«የምትደግፉ እጅ አውጡ» አለች መሠረት።

ወይ እጅ! ትናንት ቦዩ ውስጥ ቆሞ አዲሱን ደንብ እደግፋለሁ ብሎ የማለው የግርጌ ሰው ሁሉ እጁን በጋቢው ውስጥ እንዳሞቀ ቀረ። የአያ ይሻውን ማጅራት እያዩ ማን ይድፈር? የወጣው የዘነበች እጅ ብቻ ነበር። እሷም አልተቆጣችም፤ አገሯን ታውቃለች።

«መሠረት፣ ይህ እንቢታ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው» አለች። «በእጅ ይቅርና በፍሬ ይሁን። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስንዴ፣ አንድ ሽምብራ ይሰጠው። አዲሱን ደንብ የወደደ ስንዴውን፣ ነባሩን የወደደ ሽምብራውን ገምቦ ውስጥ ይጣል። ሌላዋን ፍሬ ይዞ ይቅር። ከጋቢ ሥር ማን ምን እንደያዘ ማን ያያል?»

ሰዉ ሳቀ፤ ግን ወደደው። ከዘር መጋዘኑ ስንዴና ሽምብራ መጣ። የአዳራሹ ዘበኛ አያ ጥላዬ የመጠጥ ውሃውን ገምቦ ደፍተው ካደረቁት በኋላ ታቅፈው ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመሩ። መሠረት ሕጉን ተናገረች፦ አዲሱ ብልጫ ካላገኘ ነባሩ ይጸናል።

እጆች ከጋቢና ከነጠላ እየወጡ ገምቦው አፍ ውስጥ ገቡ። ዘነበች ከመጨረሻው ረድፍ ሆና እያንዳንዱን እጅ ትቆጥራለች። ነገር ሲሞቃት አፏ አያርፍም፤ ከጉያዋ ቆሎ የማይጠፋ ሴት ናት። ገምቦው ፊቷ ሲደርስ ጭብጧን ብትከፍት የሽምብራ ገለፈት ብቻ አገኘች። ስንዴውንም ሽምብራውንም ሳይታወቃት ቆርጥማ ጨርሳቸዋለች።

ጭብጧን መልሳ ዘጋች። ይህን ሁሉ ተሟግታ፣ በላሁት ብላ እንዴት ትናገር? ስልሳ ሁለት ሰው እያለ የእኔዋ አንዲት ፍሬ ምን ታጎድላለች አለችና ባዶ እጇን ገምቦው አፍ ላይ አራግፋ መለሰች።

ፍሬው ሰፌድ ላይ ፈሰሰ። መሠረት ለየች፣ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች።

«ስንዴ ሠላሳ አንድ። ሽምብራ ሠላሳ አንድ። አንድ ሰው ይጎድላል።»

«እኩል ከሆነማ ነባሩ ጸና» አለ ካሳሁን።

ዘነበች ተነሣች። «የጎደልኩት እኔ ነኝ። በልቼዋለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» አለ ካሳሁን። «በቃ፣ የበላ በላ።» መሠረት ረቂቋን ብታገላብጥም ድምፁን ስለበላ ሰው የተጻፈ ነገር አላገኘችም። ዘነበች ማልቀስ ቃጣት፤ ውሃዋን በገዛ ጥርሷ አደረቀችው።

አያ ይሻው እጃቸውን ሲያነሡ ሳቁ ቆመ።

«እኔ የጣልኩት ሽምብራ ነው፤ አልደብቅም። ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የቦዩን በር ስዘጋ ‘ተራው ያልደረሰው አለ?’ ብዬ ሳልጠይቅ ዘግቼ አላውቅም። አለ ከተባልኩ፣ የገዛ ማሳዬ ቢነድም አልዘጋም። የዚህች ሴት ተራ ገና አልደረሰም። ገምቦውም አይዘጋም።»

ከጋቢያቸው ሥር የተረፈቻቸውን ፍሬ አወጡ፤ ስንዴ ነበረች። ለዘነበች ዘረጉላት። «ሽምብራ የፈለግሽ እንደሆን ደግሞ ስንዴያቸውን ከጣሉት ጎረቤቶችሽ አታጪም።»

የግርጌ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ዘነበች ስንዴዋን በሁለት እጇ ተቀብላ ባዶው ገምቦ ውስጥ ጣለቻት። የፍሬዋ ድምፅ እስከ በሩ ተሰማ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

በማግሥቱ ውሃው ቁልቁል መጣ፤ ከፊቱ አያ ይሻው ዶማቸውን ይዘው የሚያፈስሰውን እየደፈኑ ይወርዳሉ። የጠማውን የገዛ ነጭ ሽንኩርታቸውን ቀና ብለው ሳያዩ አልፈውታል። ዘነበች ማሳ ሲደርሱ «በይ ክፈቺ» አሉ፤ እሷም ባለቀው ዶማዋ ከፈተች። ውሃው ከመደብ መደብ ሲገባ እንደ ልጅ ከጎኑ ሮጠች።

«አያ ይሻው፣ የአንቱ ተራ ስንተኛ ነው?»

«ስልሳ ሦስተኛ» አሉ፤ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብለው።

ዘነበች መሬቱን አየችው፤ ገና ሊጠጣ ይችል ነበር። ሰዓቷ ሲሞላ ግን ማንም ሳይነግራት በዶማዋ አፈር ስባ ዘጋችው።