የሞጣ መቀነት

አክስቴ ይርጋነሽ ወሬ ስትጀምር የቢቸና ውሾች መጮኽ ያቆማሉ፤ ተራ እንደማይደርሳቸው ያውቁታላ! ያንን ምላስ ያሸነፈው ሳንባዋ ብቻ ነው። አርባ ዓመት አረቄ ስታወጣ ጭስ ጠጥታ ጠጥታ ደረቷ እንደ አሮጌ ወናፍ ያፏጫል። ዘንድሮ ታፍና ሞጣ ሐኪም ቤት ስድስት ቀን ተኛች። «ሁለተኛ እንዲህ ከታፈኑ አይተርፉም፤ ጭስ አጠገብ እንዳይደርሱ» አሏት።

ስትወጣ ነርሷ ጸደንያ አንዲት መቀነት ደረቷ ላይ አሰረችላት። መቀነት እላታለሁ እንጂ ጉድ ናት! መሐሏ ላይ ሳንቲም የምታህል ክብ ነገር አለች፤ ሳንባ ሲሰፋና ሲጠብ ትቆጥራለች፣ ፉጨቱን ትለያለች፣ የራሷ ሲም ካርድ ስላላት ሁሉን ለሞጣ ትልካለች። ከንስሐ አባት ሌላ የሰው ደረት ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«እማማ፣ ይቺ ትንፋሽዎን ታዳምጣለች» አለቻት ጸደንያ።

ቢቸና ስንገባ አክስቴ «ምኔን ታዳምጣለች ነው ያለችው?» አለችኝ። ምላሴን በላኝ።

«ትንፍሽ ያልሽውን ሁሉ! ሞጣ ላይ ሦስት ጸሐፊ ተቀምጦላታል።»

አክስቴ ዝም። ሳምንት ሙሉ! የጎረቤታችን የባንቺዓለም ዶሮ ጎመኗን ስትጭርባት እንኳ በእጇ ብቻ አባረረቻት። ሰፈሩ «መነኮሰች» አለ። እኔ ጋቢዬን ነክሼ እስቃለሁ።

በስምንተኛው ቀን በጠራራ ፀሐይ ገበያ ቆሜ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጸደንያ ናት።

«ፋንታ! እማማ ምን ሆነው ነው? በደቂቃ ሰባ ጊዜ እየተነፈሱ ነው! ሩጥ!»

ሮጥሁ። ያ ሩጫ ቢለካ ዓባይ ድልድይ ደርሶ ይመልሳል። ግቢ ስገባ መቀነቷ አክስቴ በምታሳድገው ጠቦት ደረት ላይ ታስራ አገኘኋት! ጠቦቱ ፀሐይ ላይ ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል።

ሳቄ መጣ። ወዲያው ግን ዙሪያዬን ቃኘሁ። መቀነቷ እዚህ ካለች አክስቴ የት አለች?

ከአጥሩ ወዲያ የባንቺዓለም አረቄ ቤት ይጨሳል።

ስገባ ባንቺዓለም ደረቷን ትደቃለች። «የሳምንቱን ወሬ እያወረደችልኝ ነበር! ሆዴን በሳቅ ቁርጥ ስታደርገው ቃሏ ተቆረጠ!» አክስቴ ግድግዳ ተደግፋ ከንፈሯ እንደ ኑግ ጠቁሯል።

«በ... ጉ... ን...» አለችኝ። «በጉን እኔ አላሰርሁትም» ልትል ነው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ልትዋሽ!

ጸደንያ ስልኩን አልዘጋችም። «ወደ ውጭ አውጣቸው! ቀና አድርገህ አስቀምጣቸው፤ ከዚህ የሰጠናቸውን የሚሳብ መድኃኒት ስጣቸው፤ መቀነቷን መልስላቸው!»

ባንቺዓለም ባጃጅ ልትጠራ በረረች። እኔም አክስቴን አቅፌ ግቢዋ አወጣኋት፣ ከነጠላዋ ጫፍ የፈታሁትን መድኃኒት አሳብኋት፣ የበጉን ጠጉር እንኳ ሳላራግፍ መቀነቷን አሰርሁላት። ጸደንያ ሞጣ ተቀምጣ ትቆጥራለች።

«ሠላሳ ስምንት... መድኃኒቱን ድገማቸው... ሠላሳ አንድ... ፉጨቱ እየቀነሰ ነው።»

እኔ ጆሮዬን ደረቷ ላይ ለጥፌ የማልሰማውን እሷ ያንን ሁሉ ወንዝና ገደል ተሻግራ ትሰማለች። በዕድሜዬ ስንት ውሸት ፈጥሬያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን ለማሰብም አልበቃሁ።

«ሃያ አራት» ስትል እንባዬ ዱብ አለ።

«አክስቴ፣ ዋሽቼሻለሁ። ይቺ ወሬ አትሰማም። የምትሰማው ትንፋሽ ነው እንጂ ትንፍሽ ያልሽውን አይደለም።»

አየችኝ። አየር ሳበች።

«አንተ ጅብ በልቶ የተፋህ፣ ዳዊት ሳትጨርስ ፊደሉን የረሳህ፣ የዓባይ በረሃ ዝንጀሮ እንኳ ለምስክርነት የማይጠራህ፣ ከጠቦት ጋር አንድ መቀነት አስታጥቀህ ልትቀብረኝ ነበር!»

እንዲህ ደስ ያለኝ ስድብ የለም። ከስልኩ ሳቅ ፈነዳ።

«ፋንታ፣ ባንድ ትንፋሽ ስንት ቃል ሆነ?»

በጣቴ ቆጠርሁ። «ሃያ አንድ!»

«ጎሽ እማማ! ከዚህ ሲወጡ ከስድስት አያልፉም ነበር። ቢሆንም አሁኑኑ ጤና ጣቢያ ይታዩ።»

አክስቴ ስልኩን አየች፤ እኔን አየች።

«መቀነቷ አትሰማም አላልህም? ዋሾ!»

መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችና ባጃጁ ውስጥ ገባች። ጤና ጣቢያው እስክንደርስ ትንፍሽ አላለችም።