ማሰሪያውና መቅዘፊያው

ጠዋት እነሣለሁ፤ ፊቴን እታጠባለሁ፤ ሻይ እጥዳለሁ። ውሃው እስኪፈላ በሐይቁ በኩል ያለውን መስኮት እከፍታለሁ፤ ክረምት ከሆነ ትንኝ ስለሚገባ መጋረጃውን መልሼ እስበዋለሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አበራዋለሁ። አሮጌ ስለሆነ ለመነሣት ጊዜ ይወስድበታል፤ ሻዩን ቀድቼ ስመለስ በሰማያዊው ገጽ መካከል «አምሐ ነኝ» ብሎ ይጠብቀኛል። የይለፍ ቃሉን ጽፌ ሥራዬን እጀምራለሁ። ሥራዬ ለግብርና ባለሙያዎች የሚዘጋጁ ማሠልጠኛዎችን ወደ አማርኛ መመለስ ነው። ለብዙ ጊዜ ጠዋቴ ይኸው ነበር።

አምሐ ባሌ ነበር። የሐይቁን የውሃ ከፍታ ከሚለኩት ባለሙያዎች አንዱ ስለነበር ብዙውን ጊዜ በደቅና በቁንዝላ መካከል ጀልባ ላይ ነበር። ስልክ ሲደውል ቁጥሩን እያየሁት እንኳ «አምሐ ነኝ» ሳይል ወሬ አይጀምርም ነበር። እስቅበት ነበር። ኮምፒውተሩን ቤት ያስገባን ዕለት የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀው ያንኑ ጻፈና «እኔ መስክ ስወጣ እሱ ይበልሽ» አለኝ። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ልብሱን ለድሆች ሰጥቻለሁ፤ ስልኩም ተዘግቷል። ያን ስም ግን አልነካሁትም፤ ለማንም አልተናገርሁም።

በሐምሌ አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል መጣ። ኮምፒውተሩ ጠቅ አለና ዝም አለ። በአንሶላ ጠቅልዬ በባጃጅ ወደ መስዑድ ወሰድሁት። መስዑድ ከገበያው ጀርባ ኮምፒውተር የሚሸጥና የሚጠግን የአምሐ ጓደኛ ነው፤ ማሽኑንም የሸጠልን እሱ ነበር። አባቱ ሐይቁ ዳር ታንኳ ይሠራሉ።

ፈታውና አሸተተው። ማዘርቦርድ የሚሉት ዋናው ሰሌዳ ተቃጥሏል፣ ፋይሎቹ ያሉበት ሃርድ ዲስክ ግን ደህና ነው አለኝ። አዲስ ማሽን ያስፈልግሻል፤ የድሮው የዊንዶውስ ፈቃድ ደግሞ ከተቃጠለው ቦርድ ጋር የተሰጠ ስለሆነ አብሮት አብቅቷል አለ። ሰው ሁሉ የሚጭነውን የተሰረቀውን ልጫንልሽ እንዳይል አምሐን ያውቀዋል፤ እኔንም ያውቀኛል፤ የተሰረቀ ነገር ቤታችን አናስገባም። ስለዚህ ሁለት ዓይነት ፈቃድ እንዳለ ያስረዳኝ ጀመር።

«በአባቴ ሥራ ልንገርሽ» አለ። «አንደኛው የታንኳ ማሰሪያ ነው። ታንኳው ከሚሠራበት ደንገል ጋር ይታሰራል፤ ደንገሉ ሲበሰብስ አብሮ ይበሰብሳል። ኦኢኤም የሚሉት ይኸ ነው፤ ከማሽኑ ጋር ይመጣል። ሁለተኛው መቅዘፊያ ነው። ታንኳው ሲያረጅ አንሥተሽ ለአዲሱ ትይዥዋለሽ። እሱን ሪቴይል ይሉታል፤ ለብቻው ነው የሚገዛው።»

መቅዘፊያውን ብወስድ የድሮው ዲስክ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ዲስኩ እንዳለ አዲሱ ማሽን ውስጥ ገብቶ እንደሚነሣ፣ ፈቃዱ ብቻ እንደሚተካና ሌላው ሁሉ እንደተውሁት እንደሚቆይ ነገረኝ። በማሰሪያው ከሆነ ግን ማሽኑ የራሱን ዊንዶውስ ይዞ ይመጣል፤ ፋይሎቼ ይገለበጣሉ፣ የቀረው እንደ አዲስ ይጀመራል።

«መቅዘፊያው ይሻለኛል» አልሁት።

«ምን ሊያደርግልሽ?» አለ እየሳቀ። «አንቺ ማሽን የምትቀያይሪ ሰው አይደለሽም። ያኔ አምሐን እሱን ግዛ ብዬ ለምኜው ነበር እኮ። ‹ሲበላሽ እኔ አለሁ አይደለ› ብሎ ማሰሪያውን መረጠ።»

ሳቁን ዋጠው። ሱቁ ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ቻርጀር ይመርጡ ነበር። ስሙ እንዳይጠፋብኝ ነው ማለት ብቻ ይበቃ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰው ፊት ማልቀስ አልወድም።

«እንግዲህ አንተ የመሰለህን አድርግ» አልሁትና ወጣሁ።

ሥራው ሲያልቅ ደወለልኝ። ስደርስ አዲሱ ማሽን ጠረጴዛው ላይ ተነሥቶ ጠበቀኝ። በገጹ መካከል «ጸሎት» ይላል። የእኔ ስም ነው።

መስዑድ ደስ ብሎት ነበር። ጽሑፎቼንም ፎቶዎቹንም አንድ ሳያስቀር ገልብጧል፤ የድሮውን ዲስክ አጽድቶ ለመጠባበቂያ እንዲሆነኝ አብሮ አስገብቶታል። ይህን ሁሉ ካሳየኝ በኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አምሐ የመረጠውን መረጥሁልሽ» አለኝ። «ዲስኩን ከፍቼ ያን ስም ሳየው ግን ደነገጥሁ። ጠዋት ጠዋት እያየሽው እንዴት ቻልሽው? የሟች ልብስ እንኳ ከሐዘንተኛ ዓይን ይሰወራል።»

«ከዲስኩ ላይ መመለስ ይቻላል?»

«የቱ?»

«ያ የድሮው።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ጠርጌዋለሁ እኮ፣ እህቴ» አለ ቀስ ብሎ። «ፈልገሽው ነበር?»

እንዲያው ነው የጠየቅሁት አልሁት። ስላደረገልኝ ሁሉ አመሰገንሁት። ማሽኑን እስከ ባጃጁ ድረስ ተሸክሞ ሸኘኝ።

አሁንም ጠዋት እነሣለሁ፤ ሻይ እጥዳለሁ። አዲሱ ማሽን ፈጣን ነው፤ ውሃው ሳይፈላ ይነሣል። የተጠቃሚ ስም መቀየር ከባድ ነገር አይደለም። አንድ ቀን ስሙ የሚጻፍበትን ቦታ ከፍቼ ጣቶቼን ፊደሎቹ ላይ አኑሬ ተቀመጥሁ። እኔ ብጽፈው ግን «ነኝ» የምለው እኔ እሆናለሁ። ዘጋሁት።

ፎቶዎቹ አሉ። ጽሑፎቹ አሉ። ጠዋት «አምሐ ነኝ» የሚለኝ የለም።